የድሮ ሳንቲም የምትሰበስቡ፣ የት ነው የምትገዙት?

ስሙኒ_ፈላጊ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም የምል ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ተናድጄ ነው የመጣሁት።

መሰብሰብ የጀመርኩት አያቴ ካረፈች በኋላ ነው። ሳጥኗ ሲከፈት ከነጠላዋ ስር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ወጣ። ሦስት ሽልንግ፣ አራት ስሙኒ፣ አንድ ጠገራ ብር። እናቴ ጠገራውን ለወርቅ ቤት ልትሰጠው ስትል ለምኜ አስቀረሁት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ደሞዝ በወጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እገዛለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ፖስታ ቤት አካባቢ መንገድ ላይ ጨርቅ ዘርግተው ከሚሸጡት ከአንዱ የምኒልክ ብር ገዛሁ። 1889 የሚል። ጥቁር ብሎ፣ ለስልሶ፣ ልብ የሚሰርቅ ነገር። ሰውዬው "ከመንዝ ነው የመጣ፣ የአባቶች ዕቃ ነው" አለኝ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ እዚህ ትገባለች። ማታ ቤት ገብቼ የኩሽና ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 22 ግራም። አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ 22። የምኒልክ ብር እኮ 28 ግራም ነው! ማግኔት አይስበውም፣ ግን ፊደሎቹን በስልክ ካሜራ አጉልቼ ሳያቸው እንደ ሳሙና ቀልጠዋል፣ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ቀጭን መስመር አለ። ፎርጅድ ነው፣ አለቀ።

እና እናንተ የት ነው የምትገዙት? እውነቱን ንገሩኝ።

የአራት_ኪሎ_ልጅ
ስድስቱን ግራም አይጥ በልቶት ይሆናል።

ቀልዱን ልተወውና፣ ወንድሜ፣ ከጨርቅ ላይ ምኒልክ አይገዛም። ከጨርቅ ላይ የሚገዛው ማንም ሰው ለማስመሰል የማይደክምበት ነገር ነው። የደርጓን የ1969 ባለ አንድ ሳንቲም፣ ያቺን ገበሬው በሬ ጠምዶ የሚያርስባትን አልሙኒየም፣ ማን ፎርጅድ ይሠራታል? ማሠሪያዋ ከመሸጫዋ ይበልጣል። አሥር ሳንቲሟን ኒያላ ያለባትን፣ አምስት ሳንቲሟን ወታደር ያለባትን፣ የጃንሆይን የ1936 ነሐሶች፣ እነሱን ከጨርቅ ላይ እንደልብህ ልቀም። እኔ ሙሉ የደርግ ስብስቤን ከመንገድ ነው የጨረስኩት፣ አንድም ቀን አልተበላሁም።

ብር ነገር ከሆነ ግን ከሰው ቤት ነው የምገዛው። ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ሰርግ እሄዳለሁ፣ ቡና ላይ ወሬ አነሳለሁ። "እማማ፣ ድሮ ጠገራ ነበር አይደል?" ካልኩ በቃ፣ አንዷ ተነስታ ከጓዳ ይዛ ትመጣለች። ሰባ ዓመት ከቤት ያልወጣ ጠገራ ፎርጅድ አይሆንም።

ብርቱካን_ቦሌ
ቆይ፣ ለቅሶ ቤት ሳንቲም ፍለጋ ነው የምትሄደው? ደግሞ ለእማማ ስንት ትሰጣቸዋለህ? አክስቴን አንዱ "ይቺ ብረት ናት፣ ለልጄ መጫወቻ" ብሎ አላድ በሻይ ዋጋ ወስዶባታል። ግማሽ ብር እኮ ነው፣ የምኒልክ! እናንተ ናችሁ ይህን ሥራ ያበላሻችሁት።

የአራት_ኪሎ_ልጅ
እህቴ፣ እኔ ብረት ነው ብዬ አላውቅም። ወርቅ ቤት በዕለቱ ብር በግራም የሚገዛበትን ጠይቄ፣ ከሱ ጨምሬ ነው የምሰጠው። "አይ፣ ይቅር" ካሉኝም ፎቶ አንስቼ አመስግኜ እወጣለሁ። የአክስትሽን ሰውዬ እኔ አድርገሽ አትፍረጂኝ።

ለቅሶውን ግን ልክ ነሽ። ይቅርታ። ከሰልስቱ በኋላ ነው የምጠይቀው።

ጋሽ_ተሙን
ልጆች፣ ሁለታችሁንም አነበብኩ። ተረጋጉ።

እኔ በጃንሆይ ጊዜ ተማሪ ሆኜ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ዓይኔ እየደከመ ነው። ስሜን ለምትጠይቁኝ፣ ተሙን ማለት የብር ስምንተኛ ናት። ሁለት ተሙን አንድ ሩብ፣ ሁለት ሩብ አንድ አላድ። ዛሬ ይህን የሚያውቅ ስለጠፋ ነው ስሜ ያደረግኩት።

ስሙኒ ፈላጊ፣ ለጥያቄህ የኔ መልስ አንጥረኛ ነው። ወርቅ ቤቱን አይደለም የምልህ፣ ከጀርባ ቁጭ ብሎ የሚያቀልጠውን ሰውዬ ነው። ጠገራ ብር እኮ መጨረሻው እሱ ጋ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ብሎ ይሸጣል፣ ወርቅ ቤቱ በሚዛን ይገዛል፣ አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል ያደርገዋል፣ ጉትቻ ያደርገዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። የሸክላው ማቅለጫ ፍም ውስጥ ተቀምጦ፣ ጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ፊት መጀመሪያ ላብ እንዳላበው ያብረቀርቃል፣ ከዚያ አፍንጫዋ ይጠፋል፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወለል ይላል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ፒያሳ የማውቀው አንጥረኛ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ አሁን ሌላ ቦታ ገብቷል፣ እኔም ተከትዬው ሄጃለሁ። ስምምነታችን ቀላል ነው። ከማቅለጡ በፊት ወደ ጎን ያስቀምጥልኛል፣ በወር አንዴ ሄጄ አያለሁ፣ የወደድኩትን በብሩ ክብደት ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሬ አነሳለሁ፣ የቀረው ወደ እሳቱ ይሄዳል። የምኒልክ ሩብ፣ ተሙን፣ አንዴም የጣሊያኑ ንጉሥ ኡምቤርቶ ለኤርትራ ያሳተመውን ታለሮ የሚሉትን ብር ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። አንጥረኛ ፎርጅድ አይገዛም፣ ምክንያቱም ቢታለል የሚከስረው ራሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማል፣ በቃ። ብር ሲወድቅ ይዘምራል፣ ፎርጅዱ ቷ ይላል።

ጉዳቱም አለው። ከሚመጡት ብዙዎቹ የአንገት ጌጥ የነበሩ ናቸው። ጆሮ ተበይዶላቸዋል ወይ ተበስተዋል። ብየዳው ቢነሳ እንኳ ጠባሳው አይጠፋም፣ በሰብሳቢ ዓይን ዋጋው ይወድቃል። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። የአንዲት ሴት አንገት ላይ የኖረ ነው፣ ምን ቅር ይለኛል።

ስሙኒ_ፈላጊ
ጋሼ እናመሰግናለን። አንጥረኛውን ያገናኙን ብል እንደሚቆጡ አውቃለሁ።

ጋሽ_ተሙን
እቆጣለሁ።

ወለተ_ብር
ሰላም ከሜሪላንድ። የምኖረው ስልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የከተማው ስም ራሱ ብር ስለሆነ ለዚህ ሱስ ሰበብ አለኝ።

የኔ ልምድ ከናንተ በጣም ይለያል። እዚህ የኢትዮጵያ ሳንቲም የምገዛው ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ባልቲሞር የሚደረገው ትልቁ የሳንቲም ሾው ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም። አዳራሹ ሙሉ ነጋዴ ነው፣ በጠረጴዛ በጠረጴዛ። የኢትዮጵያ ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጥ ግን አታገኙም። "አፍሪካ" የሚል የካርቶን ሳጥን ይሰጧችኋል፣ ከዛየርና ከሞሪሸስ መሃል ቁጭ ብላችሁ መፈለግ ነው። እኔ የ1964ቱን ባለ 5 ብር የቴዎድሮስን እና የዘውዲቱን ከእንዲህ ዓይነት ሳጥን ነው ያወጣሁት። ነጋዴው "ይሄ ጽሑፍ ዕብራይስጥ ነው አይደል?" አለኝ። አላረምኩትም። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ነገርኩት።

ሁለተኛው ኢቤይ የሚሉት የኢንተርኔት ገበያ ነው። ብዙ ሰው ይሰድበዋል፣ ግን ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ ገንዘብ ማስመለሻ መንገድ አለው፣ እሱ ከጨርቅ ላይ የለም። ደንቤ ሦስት ነው፦ የሻጩን የቆየ ሽያጭ አነባለሁ፣ የጠርዙን ፎቶ እጠይቃለሁ፣ ክብደቱን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። "ሚዛን የለኝም" ካለ እተወዋለሁ። ሳንቲም የሚሸጥ ሰው ሚዛን ከሌለው ሥጋ ቤት ቢላ የለኝም እንዳለ ቁጠሩት።

ሦስተኛው ጨረታ ነው። ትልልቆቹ የጨረታ ቤቶች፣ የአሜሪካዎቹም፣ የለንደኑ ስፒንክም፣ የጀርመኑ ኩንከርም፣ አንዳንዴ ጥሩ የምኒልክ ብር ያወጣሉ። ካታሎጉን ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። ግን ልብ በሉ፣ መዶሻው የወደቀበት ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። የገዢ ኮሚሽን አለ፣ ሃያ በመቶ ቢሆን አትገረሙ፣ መላኪያም አለ። የመጀመሪያዬን ሳሸንፍ በደስታ ዘለልኩ፣ ደረሰኙ ሲመጣ ቁጭ አልኩ።

የምኒልክ ብር በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ከፈለጋችሁ ግን በፕላስቲክ የታሸገውን፣ ፒሲጂኤስ ወይ ኤንጂሲ የሚባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች አይተው ደረጃ የሰጡትን ነው የምመክረው። ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ ፎቶውን ታመሳክራላችሁ። ፕላስቲኩንም ፎርጅድ የሚሠሩ አሉና ፎቶውን ከሳንቲሙ ጋር ጭረት በጭረት ማነጻጸር ነው።

የአራት_ኪሎ_ልጅ
ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ሳንቲም እኔ አልገባኝም። ካልዳሰስኩት ምኑን ሰበሰብኩት? ደግሞ የአገራችንን ብር ከባልቲሞር መግዛት... በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት አለች።

ወለተ_ብር
አንተ ዳስሰው። እኔ 22 ግራም ምኒልክ አልያዝኩም።

ስሙኒ_ፈላጊ
ኧረ እኔን ተዉኝ!

ሙስካት_ያለሁ
እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ግን ወሬው ሲነሳ ልናገር ብዬ ነው። ኦማን ሙስካት መትራህ የሚባል የድሮ ገበያ አለ። ባህር ዳሩ ላይ ነው፣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። አርብ ዕረፍቴ ስትሆን እሄዳለሁ። የብር ጌጥ የሚሸጡ ሱቆች በር ላይ ጠገራ በሳህን ተከምሮ አያለሁ። የኛው ጠገራ! ያቺው ሴትዮ፣ ያው 1780። መጀመሪያ ሳየው ከኢትዮጵያ የተሰረቀ መስሎኝ ነበር። ባለሱቁ ሳቀብኝ። አያቱም ዓሣና ቴምር የሸጡት በዚሁ ነው አለኝ።

ለወንድሜ አንድ ገዝቼ ላክሁለት። ትክክለኛ ነው ወይ?

ጋሽ_ተሙን
ልጄ፣ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁም አልዋሸሽም። ጠገራ የመንም ኦማንም የኖረ ገንዘብ ነው፣ ቀይ ባሕርን ማዶና ማዶ ያገበያየ ነው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ 1780 የሚለው ቀን እንዳያታልላችሁ። ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ ሰው ግን ሌላ መልክ አልቀበልም ስላለ ቀኑን ሳይቀይሩ ሲያትሙት ኖሩ። ቪየና አተመ። ጣሊያን አገራችንን ሊወር ሲነሳ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አተመ፣ ለኛው አገር ዘመቻ መሆኑ ነው። እንግሊዝም ብዙ ሳይቆይ ለንደን ላይ ጀመረች። ቦምቤይም ታትሟል። ዛሬም የኦስትሪያ ማተሚያ ቤት አዲስ አትሞ ይሸጣል። ስለዚህ "ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ጠገራ ነው" ብሎ የሚያስከፍላችሁን አትስሙ። ምናልባት ከእናንተ ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። ብሩ ግን ብር ነው፣ 28 ግራም ከትንሽ ነጥብ፣ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከ39።

ጠርዙን እዩ። ዙሪያውን በላቲን "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ጽሑፍ አለው፣ በጌጥ የተከፋፈለ። ለስላሳ ጠርዝ ያለው ጠገራ ከመጣላችሁ መልሱት።

ሙስካት_ያለሁ
ጋሼ ተባረኩ። ወንድሜን ጠርዙን እይ ብዬው "ጽሑፍ አለው" ብሎኛል። ዛሬ በሰላም እተኛለሁ።

ካዛንቺስ_ቴክ
ስለ ቴሌግራም ማንም አላነሳም? እኔ እዚያ ነው የተቃጠልኩት። አንድ ቻናል "ባለ ሃምሳ ሳንቲም ያላችሁ በሚሊዮን እንገዛለን" ይላል። ቤት የነበረውን የደርግ ሃምሳ ሳንቲም ፎቶ አንስቼ ላክሁ። "በጣም ብርቅ ነው፣ የውጭ ገዢ አግኝተንልሃል፣ ለመመዝገቢያ ይህን ያህል አስገባ" አሉኝ። አስገባሁ። ከዚያ "የጉምሩክ" አሉኝ። እሱን ሳስብበት ነው እህቴ ስልኬን የነጠቀችኝ።

የአራት_ኪሎ_ልጅ
ወንድሜ የደርግ ሃምሳ ሳንቲም እኮ ሰው ኪስ ውስጥ ሲንከላወስ የኖረ ነው። ብርቅ ቢሆን ታክሲ ረዳት ሁሉ ሀብታም በሆነ። መንገድ ላይ እንኳ ከገዛኸው በዝርዝር ሳንቲም ነው የምታገኘው። ሳንቲም ልግዛህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ገዢ አይደለም።

ቴሌግራም ላይ ግን ጥሩ ሻጮችም አሉ፣ መካድ አልችልም። እኔ የምገዛው "ካፌ እንገናኝ፣ አይተህ፣ መዝነህ ክፈል" ከሚሉት ብቻ ነው። ሚዛኔን ይዤ ነው የምሄደው። አስተናጋጇ ሌላ ነገር የምንመዝን መስሏት ደንግጣ ታውቃለች።

የአክሱም_ልጅ
ሁላችሁም ስለ ምኒልክና ስለ ጠገራ ነው። እኔ ስለኛ ሳንቲም ልናገር፣ ምክንያቱም በውስጥ መስመር አሥር ሰው ጠይቆኛል፣ "አክሱም ነህ አይደል፣ የእነ ኢዛናን ሳንቲም አምጣልኝ" እያለ።

አላመጣም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ልጅ ሆነን ክረምት ላይ ዝናብ ሲያባራ ማሳ ውስጥ እንዞር ነበር። ውሃው አፈሩን ሲያጥበው ትንሽዬ አረንጓዴ ነገር ትታያለች፣ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። አሸት አሸት ስታደርጋት ዘውድ የደፋ ራስ ይወጣል፣ ከጀርባው መስቀል። ይቺን ለቱሪስት ሸጠን ኳስ እንገዛ ነበር። ያኔ አናውቅም። አሁን አውቃለሁ። ሕጉ ግልጽ ነው፣ የቅርስ አዋጅ 209/1992 አለ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ማሳወቅ ነው ያለበት፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ደግሞ ያስጠይቃል። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ተከፍቶ የተወሰደባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ሕጉን ብንተወው እንኳ፣ ያቺ ሳንቲም ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ጋር እንደተገኘች ካልታወቀ ግማሽ ወሬዋ ጠፍቷል። በሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ በወርቅና በብር፣ በኋላም በነሐስ ሳንቲም ያተመ መንግሥት ነው። ከነገሥታቱ አንዳንዶቹን የምናውቃቸው ከሳንቲማቸው ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር አልተረፈላቸውም። ኢዛና ጨረቃውን ትቶ መስቀል ማድረጉን በዓይናችን የምናየው እዚያች ቁልፍ የምታክል ነገር ላይ ነው።

ደግሞ አሁን ለቱሪስት ከሚቀርበው ብዙው ትናንት የተሠራ ነው። አፈር ውስጥ ቀብረው፣ ጨው ነስንሰው፣ አረንጓዴ አድርገው ያወጡታል። የሚያስቀው፣ የሚገዛው ሰው ወይ ፎርጅድ ገዝቷል ወይ ወንጀል ገዝቷል፣ ሌላ ምርጫ የለውም።

ቀይ_አፈር
ወንድም ልክ ነህ ግን ኢቤይና አውሮፓ ጨረታ ላይ የአክሱም ነሐስ በየሳምንቱ ይሸጣል እኮ። እነሱ ሲሸጡ ሕጋዊ፣ እኔ ስገዛ ወንጀል?

የአክሱም_ልጅ
እኔ ሕጋዊ ነው አላልኩም። ከድሮ ጀምሮ ውጭ አገር የነበሩ ስብስቦች አሉ፣ ወረቀት ያላቸው። ወረቀቱን ጠይቅ። መቼ ወጣ፣ ከማን ስብስብ፣ የት ታትሞ ያውቃል። መልሱ "ከአንድ የአውሮፓ ሰብሳቢ" ብቻ ከሆነ እኔ አልገዛም። አንተ የራስህን አድርግ። ማየት ካማረህ ብሔራዊ ሙዚየም ሂድ፣ አክሱምም ና፣ ቡና እጋብዝሃለሁ።

ሮማ_ቴርሚኒ
ከጣሊያን አጭር ነገር ልጨምር። ሮም ፖርታ ፖርቴዘ የሚባል የእሁድ ገበያ አለ፣ በጠዋት ነው የሚኬደው። ከአገራችን ተዋግተው ወይ ሠርተው የተመለሱ ሰዎች ቤት ሲጸዳ ዕቃቸው እዚያ ይወጣል። አልበም፣ ሜዳሊያ፣ ፎቶ፣ መሃሉ ላይ የኛ ሳንቲም። ለአንድ ሣጥን የጃንሆይ የ1923 ማቶና (የዚያን ጊዜ ሳንቲም)፣ መዳቡም ኒኬሉም ያለበት፣ የከፈልኩት የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም። እጄ ግን ትንሽ ከብዶት ነበር፣ ሣጥኑ ውስጥ የአንድ ወታደር ፎቶ አብሮ ነበር። ፎቶውን መለስኩለት።

ካገኛችሁ ደግሞ በ1918 እ.ኤ.አ. የታተመው የጣሊያን ታለሮ አለ፣ ማሪያ ትሬዛን ለመምሰል የተሠራ። ያገራችን ሰው ግን አልተቀበለውም፣ ሴትዮዋን ነው የምፈልገው ብሎ።

ካዛንቺስ_ቴክ
አንድ የጀማሪ ጥያቄ። የገዛሁት ሳንቲም ጥቁር ነው፣ በሎሚና በአመድ ልሸው?

ጋሽ_ተሙን
እንዳትነካው!!

ወለተ_ብር
እንዳትነካው። አንዴ የታሸ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ያ ጥቁረት ዕድሜው ነው።

የአራት_ኪሎ_ልጅ
በዚህ እንኳ ሦስታችን ተስማማን። እንዳትነካው።

ስሙኒ ፈላጊ፣ አንድ ነገር ላስተምርህ፣ ሚዛን ብቻ አይበቃም። ክብደቱን አስተካክለው በወፍራሙ የሚሠሩት አለ። የወርቅ ሚዛን ግዛ፣ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ላዩ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ አስገባ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ። ጠገራ ወይ የምኒልክ ብር ከሆነ ሚዛኑ 2.7 አካባቢ ያሳይሃል። ናስ ወይ እንዲያ ያለ ነገር ከሆነ 3.3 ይደርሳል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የገበያ ቦታው የትም ይሁን፣ እኔ ይቺን ሳላደርግ ብር ሳንቲም አልበም ውስጥ አላስገባም።

ስሙኒ_ፈላጊ
ተመልሼ መጣሁ፣ ወሬ አለኝ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሰውዬው ጋ ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር። ጨርቁን ዘርግቶ፣ ጃንጥላ ተክሎ፣ ፍርፍሩን እየበላ ነው። ሳንቲሙን አወጣሁ፣ የኪስ ሚዛኑን አወጣሁ፣ ከፊቱ አስቀመጥኩት። 22። ምንም አላልኩም። እሱም ዝም ብሎ አየው። ከዚያ እጁን ጠርጎ "እኔም ተሸውጄ ነው ወንድሜ፣ ለሸጠልኝ ሰውዬ ከዚህ አንሶ አልሰጠሁትም" አለ። አመንኩት አላመንኩትም፣ አላውቅም። ገንዘቡን መልስ ስለው ግማሹ ብቻ ነው ያለኝ አለ። አውጥቶ ቆጠረልኝ። "ለቀረው ከዚህ ምረጥ" ብሎ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ገፋ አደረገልኝ።

ቆርቆሮው ውስጥ የ1936 ነሐስ ብቻ ነው። አምስት ሳንቲም፣ አሥር ሳንቲም፣ ስሙኒ። አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ስሙኒዎቹ ሁሉ ጠርዛቸው እንደ አበባ ቅጠል የተጠማዘዘ ነው፣ የምናውቃቸው። አንዷ ግን እጄ ላይ ለየት አለችኝ። ክብ ናት። ጥርስ የላትም። ድፍን ክብ!

ጋሼ፣ ይቺ ያቺ ናት አይደል?

ጋሽ_ተሙን
ቆይ ቆይ። ተቀመጥ።

ክቧ ስሙኒ መጀመሪያ የወጣችው ናት። መጠኗ ከብሩ ሽልንግ ጋር ተቀራረበ፣ ሰዉ ብር እየቀባ በሃምሳ ሳንቲም ያሳልፋት ጀመር። ስለዚህ ተሰበሰበችና ጠርዟ ተቀርጾ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ እንኳ እንድትለይ ሆና ወጣች። ቀኑ ግን ያው 1936 ነው። ክብ የቀረችው ጥቂት ናት። እኔ ሁለት ነው ያለኝ፣ በስንት ዓመት።

አሁን ደስታህን ያዝና አንድ ነገር አድርግልኝ። ጠርዟን በቅርብ አንሳና ለጥፍ። ጥርሷን በሞረድ አፍርሶ ክብ የሚያደርግ ጅል አይጠፋም። ተሞርዳ ከሆነ ከእህቶቿ ታንሳለች፣ ጌጡም ወደ ጠርዙ ይጠጋል። ከአንዷ ጥርስ ካላት ጋር ደርድረህ አስተያያት።

ስሙኒ_ፈላጊ
አስተያየኋት። ፎቶው ከታች ነው። ከጥርሳሟ አታንስም፣ ጠርዟ ሙሉ ነው፣ የሞረድ ጭረትም የለበትም። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ቀርቶባታል፣ በአንበሳው እግር ስር። ብር የተቀባ መሰለኝ።

ጋሽ_ተሙን
ፎቶውን በልጄ ስልክ አጉልቼ አየሁት። ናት።

ነጩን እንዳትፍቀው። ያ ነጭ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ በስሙኒ የሽልንግ ስኳር የገዛበት ምልክት ነው።

የአራት_ኪሎ_ልጅ
በ22 ግራም ቁርጥራጭ ክብ ስሙኒ! እግዜር ሲሰጥ አይነግርም። ቆርቆሮው ውስጥ ስንት ቀረ?

ስሙኒ_ፈላጊ
ግማሹን ነው ያየሁት፣ የምሳ ሰዓቴ አለቀ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

ወለተ_ብር
ፖስታ ቤት በየትኛው በኩል ነው ሰውዬው የሚቀመጠው? ወንድሜ እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው፣ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።

ጋሽ_ተሙን
እኔም ነገ በዚያ በኩል ጉዳይ ነበረኝ። በየት በኩል ነው ያልከው ልጄ?

ስሙኒ_ፈላጊ
ጋሼ፣ አንጥረኛውን ይንገሩኝና እነግርዎታለሁ።